የገብስማዋ ዶሮ ቀጠሮ

አባቴን ከቡሬ ማዶ ካለው ቀያቸው አንሥቼ ፍኖተ ሰላም ያመጣኋቸው በግድ ነው። በልመና ሞክሬያለሁ፤ በሽማግሌም ሞክሬያለሁ። ነገር ግን አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጥቢያ ዳኛ ሆነው ኖረው ሽማግሌ መላክ እንጂ ሽማግሌ ሲላክባቸው አልለመዱም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ፤ ዓይናቸውም ደክሟል። አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ጎረቤት እስኪያነሣቸው መሬት ላይ መዋላቸውን ስሰማ በአውቶቡስ ቡሬ ወረድኩ፤ የቀረውን መንገድ በእግሬ ገሰገስኩና «ካልመጡ እኔም እዚሁ እቀራለሁ» ብዬ ምድጃቸው አጠገብ ተዘረፈጥኩ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት የሚጠይቀኝ ሰው አባቴን አያውቅም ማለት ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ የከተማው ስልክ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ቡሬን ከደምበጫ፣ ደምበጫን ከአዲስ አበባ ሳገናኝ እውላለሁ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድረው መኪናው ሲበላሽበት ብቻ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ ሴት፣ ታናሹ ወንድ፣ ሁለቱም ምላሳሞች። አባቴ ሳይመጡ በፊት እሑድ እሑድ ልጆቹን ለጎረቤት ጥዬ ወደሳቸው እሄድ ነበር። ልብሳቸውን አጥቤ፣ የሳምንት ምግባቸውን አሰናድቼ ስመለስ ሰኞ ጠዋት ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እንዳለ አንቀላፋለሁ። አንዴ እንዲያውም አንድ የበርበሬ ነጋዴን ከአንድ የሙሽራ አባት ጋር አገናኘሁና በዋጋ ሊስማሙ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አለቃዬ በዚያ አልሳቀም። «ከእንግዲህ አንድ ስሕተት ብትደግሚ ሥራሽን ትለቂያለሽ» አለኝ። ስለዚህ አባቴ እኔ ዘንድ ካልተቀመጡ፣ ወይ ሥራዬን ወይ እሳቸውን ማጣቴ ነበር።

እሳቸው ግን ከተማው አልሆነላቸውም። በቀያቸው መንገድ ሲወጡ ሰው ከበቅሎ ይወርድላቸዋል፤ እዚህ አህያ እንኳ መንገድ አይለቅላቸውም። ከሁሉ የባሰባቸው ደግሞ የባሌን እንጀራ መብላታቸው ነው።

«አንቺ ልጄ፣ በአማች ቤት የሚጦር ሽማግሌ ወንድ ልጅ የለውም ይባላል እኮ።»

«ታዲያ የለዎትማ፣ አባባ!»

«አለመኖሩ ሌላ፣ መባሉ ሌላ» አሉኝ ኮስተር ብለው።

ከቀያቸው ይዘው የመጡት ጋቢያቸውን፣ ዘንጋቸውን እና አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበር። ዶሮዋ ገና ግቢ ከመግባቷ ልጆቹ ተጣሉባት። ሴቷ «በእጄ ያስጨበጡት ለእኔ ነው» አለች። ወንዱ «ጥሬ የማበላት፣ ውሃ የማጠጣት እኔ ነኝ፤ የራሴው ናት» አለ። አባቴ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ሰጪው እሳቸው ናቸውና። እሳቸው ግን ግቢያችን ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር በርጩማቸው ላይ ተደላደሉና «ዳኛ የሰማውን እንጂ ያየውን አይፈርድም። ከሳሽ ተናገሪ!» አሉ።

ቤታችን ችሎት የሆነው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ልጆቹ ነጠላቸውን አደግድገው መቆም፣ «ሽምብራ ቆሎ እሰጥ!» ብለው መወራረድ፣ ምስክር መጥራት ተማሩ። በአባቴ የዳኝነት ዘመን ደግሞ የከሳሽና የተከሳሽ ልብስ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ዳኛ ከራቀም የተከበረ መንገደኛ አቁሞ «ይፍረዱን» ማለት ወግ ነው። «በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» እያሉ አባቴ አስጠኗቸው። አንድ ቀን ለምሳ ስመጣ ሁለቱ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው አገኘኋቸው።

«ኧረ አባባ! እንዲህ ታስረው ምሳ እንዴት ላብላቸው?»

«በአንድ ትሪ» አሉኝ።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከሥራ ስመለስ ልጆቼ እንደ ድሮው ከየሰፈሩ አይለቀሙም፤ ችሎት ላይ ናቸው። ስልክ ላይ ማንቀላፋቱም ቀረ። አባቴ ግን ይህንን ጨዋታ እንጂ ሥራ ብለው አልቆጠሩትም ኖሯል። ሰው በየደጁ በርበሬ በሚያሰጣበት ወቅት፣ አንድ የገበያ ቀን፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ወደ ቡሬ የሚሄደውን አውቶቡስ ሊሳፈሩ ወጡ።

የሆነውን በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ነግሮኛል። አባቴ አንድ እግራቸውን አውቶቡሱ ላይ እንዳሳረፉ ከኋላ «በሕግ አምላክ! እንዳይራመዱ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ልጄ ናት። ሾፌሩ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ረዳቱ «አባት፣ ይግቡ ወይ ይውረዱ» ይላል። የሰባት ዓመት ልጅ አልፎ መሳፈር ምን ችግር አለው? ግን በዚያች ቃል ስንቱን ጎራዴ የመዘዘ ሲያስቆሙ የኖሩ ሰው እንዴት ብለው ይለፏት! እግራቸውን መለሱ። አውቶቡሱ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። ልጅቷም የነጠላዋን ጫፍ ከጋቢያቸው ጋር ቋጠረች።

እኔ ለምሳ ወጥቼ ከሕዝቡ መሀል ስደርስ፣ ከገበያ የሚመለሱ አንድ የቡሬ ሙስሊም፣ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ፣ ልጅቷ ለምናቸው ከበቅሏቸው ወርደው ድንጋይ ላይ ለዳኝነት ተቀምጠዋል።

«ዳኛ ነኝ ብለው ከወንድሜ ጋር አሟገቱኝ» አለች ልጄ፣ በነፃ እጇ ወደ አያቷ እየጠቆመች። «ለነገ ቀጠሮ ሰጡን። ዛሬ ሊጠፉ ነው። ዳኛ ቀጥሮ ይጠፋል? ሽምብራ ቆሎ እሰጥ!»

«ተከሳሽስ ምን ይላሉ?» አሉ ነጋዴው።

አባቴ ጢማቸውን አሻሹ። «ፍርዱን እዚሁ ሰጥቼ ልሂዳ።»

ወንዱ ልጄ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኅቱ ጎን ቆመ። «ዶሮዋ ሳትቀርብ? የሚከራከሩበት ንብረት ካልቀረበ አይፈረድም ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

መንገዱ በሳቅ ተናጋ። ነጋዴው ግን አልሳቁም። «አባቴ፣ እኔ ሕግ አዋቂ አይደለሁም» አሉ። «ቀጠሮ ግን አደራ ነው። ነገሩን እስኪጨርሱ ከልጅቷ ቁራኛ እንዳይፈቱ ፈርጃለሁ።»

አባቴ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «በዳኝነት ዘመኔ ተረትቼ አላውቅም ነበር» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ዘንጋቸውን ተቀበልኳቸውና ሁለቱ እንደተቆራኙ ወደ ቤት ገባን።

የዶሮዋ ነገር ግን አላልቅ አለ። ዛሬ ምስክር ጎደለ፤ ነገ በዓል ነው፤ ከነገ ወዲያ ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋለችና ችሎት መቅረብ አትችልም። ለፋሲካ ላሳርዳት ስል አባቴ «የክርክር ንብረት ላይ ቢላ ይነሣል?» ብለው ጮኹብኝ። እስከዚያው ጎረቤቱም የአጥሩንና በርበሬ የበላች የፍየሉን ክርክር ይዞ ዋንዛው ሥር መምጣት ጀመረ። ከቀያቸው ዘመድ መጥቶ «እንሂድ» ቢላቸው «በቁራኛ ነኝ እኮ!» ብለው ደረታቸውን ነፉበት።

ክረምቱ ሲገባ ፈንግል የሰፈሩን ዶሮ ፈጀ፤ ገብስማዋም ጫጩቶቿን ትታ ሞተች። ልጄ ዋንዛው ሥር ቆማ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ለዶሮዋ መስሎኝ «ሌላ እገዛልሻለሁ» አልኳት። እሷ ግን አልሰማችኝም፤ ወደ አያቷ ሄደች።

«አባባ፣ ዶሮዋ ሞተች። ክርክሩ አለቀ። አሁን ይሄዳሉ?»

አባቴ በደከመ ዓይናቸው ፋንታ በእጃቸው እየዳበሱ የነጠላዋን ጫፍ ፈልገው አገኙና ከጋቢያቸው ጫፍ ጋር ራሳቸው ቋጠሩት።

«ጫጩቶቿስ?» አሏት። «ወራሽ ያለው ክርክር ይሞታል እንዴ? ነገ ጠዋት፣ ከወንድምሽ ጋር ቅረቢ።»