የውቢት እንግዴ ልጅ

ስለ ውቢት የማወራው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ነፃ የሚያወጣኝ ነገር ቢኖር እስካሁን አገኘው ነበር፤ ፈልጌ ፈልጌ ደክሞኛል።

ርብቃ እባላለሁ። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከፊቴ መስታወት፣ መስታወቱ ላይ እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ፣ ከኋላዬ የካርድ መደርደሪያ፤ ግዛቴ ይኸው ነው። ቤቴ ስገባ የማወራው ሀዲይኛ ነው፤ እናቴም የምትጸልየው በሀዲይኛ ነው። መስኮቱ ላይ ግን አማርኛ። ማንም አላዘዘኝም፤ ቢሮ ነዋ። ባለጉዳዩም ያውቃል። ወረፋ ላይ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር በሀዲይኛ ሲጫወት ቆይቶ እኔ ፊት ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠራርግና ያለችውን አማርኛ አሰባስቦ ይጀምራል። እኔም በአማርኛ እመልሳለሁ። ሁለት የአንድ አገር ሰዎች በሰው ቋንቋ ስንደናቆር እንውላለን፣ ማንም አይስቅብንም።

አልትራሳውንዱን የሚሠራው ዶክተር ኃይለኢየሱስ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። አማርኛ የማትችል ታካሚ ስትገባ "ርብቃ፣ እስኪ ነይ" ይለኝ ነበር፤ እኔም ካርዱን ጥዬ ገብቼ አስተረጉማለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። አንድ ቀን ለሥራ አስኪያጁ፣ ይህም ሥራዬ ተብሎ ይጻፍልኝ ብዬ ብጠይቀው "የእናትሽን ቋንቋ ነው የምታወሪው፣ ምኑ ነው ሥራው?" ብሎ ሳቀብኝ። እልህ ያዘኝ። ከዚያ ወዲያ ከመስኮቴ ንቅንቅ አልልም አልኩ፤ አልተነቃነቅኩምም።

ውቢት የመጣችው በዚያ በእልሄ ሰሞን ነው፣ ግንቦት ላይ።

ውቢት የሆመቾ ልጅ ናት። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ፣ ቲቶ የሚባል የሰፈራችንን ልጅ አግብታ ነው ሆሳዕና የገባችው። ቲቶ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ወንዶች ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሱቅ አለው። መስከረም ላይ ለያሆዴ፣ ለአዲስ ዓመታችን በዓል መጥቶ ሁለት ወር ከርሞ ተመለሰ። ሲሄድ ውቢት ፀንሳ ቀረች። የምትኖረው ከአማቷ ከእትዬ ገነቴ ጋር ነበር። ቤተ ክርስቲያን አብረን ስለምንሄድ አውቃታለሁ፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን፣ ቁጭ ባለችበት ክር የማይጠፋት ልጅ ናት። ለሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ቆብ የሠራችው እሷ ናት። አማርኛ ትንሽ ትንሽ ይገባታል እንጂ አፏ አይደፍርም። እትዬ ገነቴ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ቅቤ የነገዱ ሴት ናቸው፤ አማርኛውን ያስተማራቸው ገበያ ነው፣ ይኮሩበታልም።

ያን ቀን ዶክተሩ "ርብቃ" ብሎ ሲጠራ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ ብዋሽ ማን ያውቅብኛል፣ ግን ሰምቻለሁ። "ካርድ ይዣለሁ" አልኩ። እትዬ ገነቴ "እኔ አለሁ፣ ምን ይደረጋል ሌላ ሰው" ብለው ምራታቸውን ተከትለው ገቡ።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ከዶክተሩም ከሁለቱም ሰማሁ። ዶክተሩ ስክሪኑን ወደ ውቢት አዞረላት። ልቡን አሳያት፣ ቱር ቱር ሲል። እጁን አሳያት፣ አፉ ላይ አድርጎ ነበር። ውቢት አለቀሰች። ከዚያ መሳሪያውን ወደ ታች አወረደና አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ አመላለሰው። ሁለቱም ደነገጡ።

"እንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ መውጫውን ዘግቶታል" አለ።

እንግዴ ልጅ ምን እንደሆነ አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ያውቀዋል፤ ሕፃኑን ሆድ ውስጥ የሚመግበው፣ ልጁ ከወጣ በኋላ ተከትሎ የሚወጣው ነው። እኛም በሀዲይኛ ስም አለን፣ የማታውቀው ሴት የለችም። አማርኛውን ግን ከየት ይምጣ? ቅቤ ተራ ማን እንግዴ ልጅ ብሎ ያወራል? እትዬ ገነቴ የሰሙት "እንግዳ ልጅ" ብሎ ነው። ውቢትም የሰማችው እሱኑ ነው።

ዶክተሩ ቀጠለ። በምጥ ልትወልድ አትችልም፣ ምጥ ከመጣ ደም ይፈሳታል፣ እሷም ልጁም ያልቃሉ። ከሆሳዕና እንዳትወጣ። ጠብታ ደም ካየች ያኔውኑ ሆስፒታል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች። "ገባችሁ?" ሲላቸው እትዬ ገነቴ "ገባን" አሉ። ፎቶውን አትሞ ለውቢት ሰጣት።

ቤት ሲደርሱ እትዬ ገነቴ "እንግዳው የማን ነው?" ብለው ጠየቋት። ውቢት መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ግን "ሌላ ልጅ አለ ማለቱ ነው፣ መንታ ነው፤ ለዚህ እኮ ነው በኦፕራሲዮን ያለው" አለች። ከልቧ ነው። ያችን የሰማቻትን ይዛ ለራሷ እንዲህ ፈታችው፣ ደስም አላት። አማትየዋ ደግሞ ልጃቸው የመጣበትንና የሄደበትን ቀን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

እውነት እናውራ ከተባለ፣ እትዬ ገነቴ ዝም ብለው አልፈረዱም። በማግስቱ እኔው ጋ መጡ። ወረፋው እስከ በሩ ተሰልፏል፣ መብራት ጠፍቷል፣ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ነገር ነገር ብሎኛል። ወደ ቀዳዳዋ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በአማርኛ ነው። አማርኛ የሆነው ቢሮ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከኋላቸው የቆመው ሁሉ የእኛው ሰው ነው፤ ነውር ስለሆነባቸው በሀዲይኛ ሊሉት አልፈለጉም።

"የውቢት... ዶክተሩ እንጊዳ ልጅ ነው ያለው?"

የእኛን ሰው አነጋገር አውቃለሁ፣ ራሴም ስቸኩል ያመልጠኛል። እሳቸው የተሳሳቱትን እኔ እንግዴ ማለታቸው ነው ብዬ በጭንቅላቴ አረምኩት። ካርዷን መዝዤ አየሁ።

"አዎ እትዬ ገነቴ፣ እንደዚያ ነው የተጻፈው።"

"ተጽፏል?"

"ተጽፏል።"

"መሳሪያው አይሳሳትም?"

"ምን ያሳስተዋል! በዓይኑ ያየውን ነው።" ቀጥዬ "ተረኛ" ብዬ ተጣራሁ።

አንዲት ቃል በሀዲይኛ ብጠይቃቸው ኖሮ በዚያው ያልቅ ነበር። ለነገሩ ፊታቸው ልክ አልነበረም፤ አይቻለሁ። ይብላኝ ለእኔ፣ አይቼ ነው ተረኛ ያልኩት።

የዚያኑ ዕለት እትዬ ገነቴ ለቲቶ ደውለው ፅንሱ የሌላ ሰው ነው አሉት። ውቢት ፎቶውን በስልክ ልካለት "ሁለት ናቸው" ብላ በድምፅ የላከችለትን መልእክት ሰምቶ ቁጥሯን ዘጋባት። ሳምንት ሳይሞላ ወደ አባቷ ቤት፣ ወደ ሆመቾ ገጠር ተሸኘች። "ሐኪሙ እንዳትርቂ ብሏል" ብላ ለምናለች። እትዬ ገነቴ "ሐኪሙ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ" አሏት። እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳጣት እናቷ ጋ ልትታረስ ሄዳ ይሆናል አልኩ። ካርዷ ላይ በትልቁ "ከከተማ እንዳትርቅ" ተጽፎ፣ ካርዱ ከኋላዬ ተሰክቶ፣ ወንበሩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀምጫለሁ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ጠዋት እንሰት ስትፍቅ ደም ፈሰሳት። ዝናብ የጣለበት ሰሞን ነው፤ ባጃጁ ጭቃ ያዘው፣ ወንድሞቿ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሷት። ሆስፒታል ስትገባ ልጁ በሕይወት አልነበረም። ወንድ ነበር። እሷን ለማትረፍ ማህፀኗ ወጣ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።

ዶክተር ኃይለኢየሱስ ወሬውን ሰምቶ መስኮቴ ላይ መጣና "እንዳትወጣ ብዬ ነበር እኮ፣ ማን ነው ያስወጣት?" አለኝ። እኔም ተናድጄ እትዬ ገነቴን እሑድ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ያዝኳቸው። ልቆጣቸው ነበር እኮ የሄድኩት። እሳቸው ቀድመው፣ በሀዲይኛ፣ "እንግዳ ልጅ ነው ወይ ስልሽ አዎ ብለሽኝ ነበር" አሉኝ።

ክው አልኩ። ቃሉን እዚያው ቆሜ በሀዲይኛ ነገርኳቸው። እትዬ ገነቴ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሰው ሁሉ ታመሙ ብሎ ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። ቲቶ ሲነገረው በስልክ አለቀሰ አሉ። የቃሉን ነገር ሳያነሳ ትመለስ ብሎ ላከ። አልተመለሰችም።

እኔ ሆመቾ ለመሄድ እስከ መስከረም ድፍረት አጣሁ። ያሆዴ ሊደርስ ሰው ሁሉ ግቢውን እያሳመረ ነበር። ውቢት ስታየኝ ደስ አላት፤ እሱ ነው ጭራሽ አንጀቴን የበላው። ጎኗ አስቀመጠችኝ። መጽሐፍ ቅዱሷን ከፍታ ያንን ፎቶ አወጣች። ጠርዙ ጠቁሯል፣ መሀሉ ግን ይታያል። አንድ ቢጫ ቆብም ጭኗ ላይ አለ።

"ሁለት ነበር የሠራሁት" አለችኝ። "አንዱን አብረውት ቀበሩት።"

ጣቷን ፎቶው ላይ አደረገች። "ይሄ ወንዱ ነው።" ከዚያ ወደ ታች፣ ግራጫ ሆኖ የተከመረው ላይ ወሰደችው። "ይሄ ደግሞ ሁለተኛው። እናቴን ብጠይቅ የለም ትለኛለች፤ እንዳላዝን ነው። አንቺ እዚያ ነው የምትሠሪው። ሁለተኛውን የት አደረጉት?"

ያንን ሁሉ ወር ለሁለት ልጅ ነበር የምታለቅሰው። እኔ ልናዘዝ መጥቼ ሁለተኛውን ልገድልባት ሆነ። "አላውቅም" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አስቤዋለሁ። አንዴ ሳላስብ አዎ ብዬ ያደረስኩትን አየሁና ተውኩት። ጣቷ ያረፈበትን ነገር፣ ቤታችን ውስጥ በምንጠራው ስም፣ በእናቷ ቋንቋ ነገርኳት።

ፎቶውን ብዙ አየችው።

"ይሄንንማ አውቀዋለሁ" አለች። "እናቴ ታናሼን ስትወልድ ከእንሰቱ ሥር የቀበርኩት እኔ ነኝ።"

ከፎቶው ቀና ብላ "ያን ቀን መስኮቱ ጋ ነበርሽ አይደል?" አለችኝ።

"ነበርኩ።"

ቢጫውን ቆብ አነሳች፣ የክሩን ጫፍ ፈለገች፣ ስታገኘው መተርተር ጀመረች።