ዓይን ተጨፍኖ የሚመረጥ ጠመንጃ

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አጎቴ ሐይቅ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። ከዙህር ሶላት በኋላ ተቀበሩ።

ከአምባሰል እስከ አርዲቦ በዒላማ ተኩስ የታወቁ ነበሩ። ጠመንጃ የሚመርጡት ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። አንስተው ትከሻቸው ላይ ካሳረፉ በኋላ ዓይናቸውን ይከፍታሉ፤ አፈሙዙ ዒላማው ላይ ካልሆነ ይመልሱታል።

ባለፈው ዒድ ሰሞን፣ ደሴ ያለ አንድ የተኩስ ክበብ ለአባላቱ ያቀረባቸውን ሁለት ጠመንጃዎች አብረን እንድናይ ጠየቁኝ። ሁለቱም ትንንሽ ጥይቶች የሚጎርሱ፣ በየተኩሱ ማቀባበል የማያስፈልጋቸው ናቸው፤ የአጎቴ ጣቶች ማቀባበል አቅቷቸው ነበር። እኔ አዲስ አበባ ቢሮዬ ተቀምጬ የሁለቱንም መረጃ በስልክ አነበብኩላቸው።

«ረጅሙና ከባዱ ይሻላል፤ ክብደቱ እጅ ያረጋጋል» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ዜና አታንብብብኝ! ትከሻዬ ምን ይላል?»

«አጎቴ፣ አጣርቻለሁ እኮ።»

«አብሽር፣ እሺ። ስትመጣ ሄደን እናነሳቸዋለን።»

አልሄድኩም። ለዚህ የማቀርበው ምክንያት የለኝም።

ከቀብሩ በኋላ ማረፋቸውን ለመንገር ክበቡ ደወልኩ። መዝጋቢው ያስታውሳቸዋል። ብቻቸውን በሚኒባስ መጥተው ሁለቱንም እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አነሱ። ቀላሉ በመጀመሪያው ሙከራ ዒላማው ላይ አረፈላቸው። ከባዱን ሲያነሱ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ።

«የወንድሜ ልጅ አጣርቶታል» ብለው ያስመዘገቡት ከባዱን ነው።