በኮሶው ስንጥቅ ላይ የለጠፍኩት ጭቃ

ልጅ እያለሁ ጎባ ላይ ነፋስ መምጣቱን አስቀድሞ የሚነግረን ከቤታችን ጀርባ የቆመው ኮሶ ነበር። ከላይ ከሳነቴ አምባ በኩል ብርዱ ሲወርድ መጀመሪያ ቅጠሉ ይንሾካሾካል፤ ቀጥሎ ቅርንጫፎቹ የቆርቆሮውን ጠርዝ ይፍቃሉ፤ ከዚያ አባቴ «መስኮት ዝጉ!» ይላል። አያቴ ከሸዋ መጥቶ ያንን ቤት ሲሠራ ዛፉን እዚያው ቆሞ እንዳገኘው ይወራ ነበር። ሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ ግንዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጓሮው ያዘነብላል፤ ሌላው ልክ በወላጆቼ መኝታ ቤት ጣሪያ ላይ።

ኮሶው አብቦ ቀይ ዘለላው ሲንጠለጠል ደጃችን ሰው አይጠፋም ነበር። የሚመጣው ሁሉ አንገቱን ደፋ አድርጎ «ለዘመድ ነው፣ ትንሽ ብትሰጡኝ» ይላል። ለራሴ ነው ብሎ ኮሶ የለመነ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ጎባ በዚያ ወቅት በሽተኛ ዘመድ የሌለው ሰው አልነበረባትም።

ለእኔ ግን ኮሶው ማለት ዥዋዥዌዬ ነበር። አባቴ የጭነት ገመድ በወፍራሙ ቅርንጫፍ ላይ አስሮልኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ በቀጥታ ወደዚያ ነው። ከፍ ስል ከአጥሩ በላይ የአዴ ዘይነባ ግቢ ይታየኛል፤ አዴ ዘይነባ የአጥር ጎረቤታችን፣ ስምንት ልጅ ወልደው ዘጠነኛ እኔን የጨመሩ ሴት ነበሩ። ጩኮ ሲሠሩ የቅቤውና የገብሱ ሽታ አጥሩን አልፎ ይመጣና ዥዋዥዌውን ያስቆመኛል።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ወንድሜን ወለደች። አራሷን ለመጠየቅና ለማረስ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ እታገኝ፣ ከሮቤ መጥተው ቤቱን ተረከቡ። ደንባቸው ብዙ ነበር። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ አራስ ብረት ሳትይዝ ከመኝታዋ አትነሣም፤ አራስ ልጇ ክርስትና ሳይነሣ፣ አርባ ቀን ሳይሞላ፣ ከደጅ አትወጣም። አባቴ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበር፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ደንብ ባይወድም እህቱን ግን ይፈራቸዋል። ለክርስትናው ድግስ ቤቱ እንዲያምር ብሎ የኋላውን ግድግዳ ሊያስመርግ ጭድና እበት ያለው ጭቃ አስቦክቶ ነበር።

ወንድሜ በተወለደ በሳምንቱ ገደማ ዥዋዥዌው ላይ ሳለሁ ከበላዬ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ግንዱ ላይ ተንጠላጥዬ ወጣሁ። ዛፉ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። እጄን ሰደድኩት፤ እስከ አንጓዬ ገባ። ውስጡ እርጥብ ነበር፣ ውኃ የገባበት ጎተራ ይሸታል። አባቴ ይህን ካየ ዛፉ ይቆረጣል፣ ዛፉ ከተቆረጠ ዥዋዥዌ የለም። ስሌቴ ይኸው ነበር፤ እናቴ ከዚያ ጣሪያ ሥር ጨቅላ አቅፋ መተኛቷ አልገባበትም።

ከተቦካው ጭቃ በጣሳ ይዤ ወጣሁና ስንጥቁን ደፈንኩት። በመዳፌ አለሰለስኩት፤ ቅርፊት ፈርፍሬም ነሰነስኩበት። ሙያዬ የግድግዳውን መራጊ የሚያስንቅ ነበር፣ ከታች ሆኜ ሳየው እኔ ራሴ ቦታው ጠፋኝ። ጭቃው ግን በየሁለት ሦስት ቀኑ ይሰነጠቃል፤ እኔም ወጥቼ እጠግናለሁ። በሁለተኛው ሳምንት እጄ እስከ ክንዴ መሃል ገባ። በሦስተኛው ሳምንት እስከ ክርኔ። ያኔ ዥዋዥዌውን ትቼዋለሁ፤ መናገር ግን አልቻልኩም፣ «መቼ አየሽው?» ብለው ይጠይቁኛላ። ከዛፉ ይልቅ ያንን ጥያቄ ፈራሁ።

አንድ ጠዋት ነፋስ አንድ ቅርንጫፍ ጥሎ የማድቤቱን ጣሪያ ሲያጎደጉደው አባቴ ደንግጦ መጥረቢያ የያዙ ሁለት ሰዎች ጠርቶ መጣ። ዛፉን ዞሩት፤ ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ መቱት፤ ሽቅብ አዩ። ትልቁ ሰውዬ «ግንዱ ጤነኛ ነው፤ መገንጠያው ላይ እንኳ ስንጥቅ የለውም» አለ። ይጣል ከተባለ ግን የሚጣለው ከሥር ተቆርጦ ስለሆነ ሥራው ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ቤቱም ባዶ መሆን አለበት አለ።

«ባዶ?» አሉ እትዬ እታገኝ። «አራስ ይዘን? ለክርስትናው አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት? አባታችን አግኝቶት የኖረ ዛፍ አሥራ ሁለት ቀን መቆም ያቅተዋል?»

አባቴ ደስ እያለው «እንግዲያው ከክርስትናው በኋላ» አለ። ሁሉም ተስማሙ። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጤነኛ ያሉት የእኔን ጭቃ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መብላት አቃተኝ። የአራስ ገንፎ ሲመጣ ከእናቴ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ቅቤው ካለበት መሃሉ የምቦጭቅ ልጅ፣ አሁን ጉርሻ ሲዘረጋልኝ ፊቴን አዞራለሁ። እትዬ እታገኝ ሁለት ቀን አዩኝና «ኮሶ ይዟታል» ብለው ፈረዱ። ከራሳችን ዛፍ የደረቀውን አበባ ወቅጠው፣ በጥብጠው፣ በማለዳ በባዶ ሆዴ ሰጡኝ። ኮሶ የሚጠጣን ልጅ አንድ ሰው እጁን፣ አንድ ሰው አፍንጫውን ይይዘዋል። እኔ ግን ጣሳውን ተቀብዬ ጭልጥ አደረግሁት። ለጥፋቴ የተቆረጠልኝ ቅጣት መስሎኝ ነበር። ይህንን ከጠጣሁ ዛፉን ታቆምልኛለህ ብዬ ከእግዚአብሔር ጋር ተስማምቻለሁ። እትዬ እታገኝ እንዲያ ያለ ልጅ አይተው አያውቁምና አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ዛፉ ግን ስለ ስምምነታችን የነገረው የለም። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ተነሣ፤ ከላይ የጭቃዬ ፍርፋሪ እየተንኮታኮተ ሲወርድ አየሁ። ወደ ቤት መግባት ፈርቼ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኬ አዴ ዘይነባ ጋ ደረስኩ።

ወንድማቸው ኦቦ ጣሂር ማር ይዘው መጥተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አንገቱ ከምትባለው የሐረና ከተማ ናቸው፤ ሥራቸው ጫካው ውስጥ ረጃጅም ዛፍ እየወጡ ቀፎ መስቀል ነው።

«አዴ ዘይነባ፣ ዛፉ እናቴ ላይ ሊወድቅ ነው» አልኳቸው። «ተሰንጥቋል። የደፈንኩት እኔ ነኝ።» ጭቃውንም፣ ጣሳውንም፣ ሦስቱን ሳምንትም እያለቀስኩ ዘረገፍኩላቸው።

አዴ ዘይነባ «ያ ረቢ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ኦቦ ጣሂር ግን አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እጅሽ የት ድረስ ይገባል?» አሉኝ። ክርኔን አሳየኋቸው። ቀፎ የሚያወጡበትን ገመድ ትከሻቸው ላይ ጥለው ተነሡ።

ወጥተው ስንጥቁን ካዩ በኋላ አባቴ ከቢሮ ተጠራ። ኦቦ ጣሂር ዛሬውኑ መውረድ አለበት ሲሉት «ለነገ ሰው ሰብስቤ ቢሆንስ?» አለ።

«ለእኔ ነገ ማለት ትችላለህ» አሉት። «ዛፉ ግን አይሰማህም።»

ከዛፉ የከበደው ቤት ውስጥ ያለው ነገር ነበር። እትዬ እታገኝ በሩ ላይ ቆመው አራስ አላስወጣም አሉ። «ምች ቢመታት፣ ብርድ ቢገባት ማን ሊጠየቅልኝ ነው?» አዴ ዘይነባ ደግሞ «እኔ ቤትም አራስ ተኝታ ታውቃለች፤ ስምንቴ ወልጄበታለሁ፤ አልጋው ሞቆ ተነጥፏል» ይላሉ። አባቴ አንዴ እህቱን፣ አንዴ ጣሪያውን ያያል። በመካከል እናቴ ራሷ ተነሣች። ወንድሜን በጋቢ ጠቅልላ፣ ቢላዋዋን በሌላ እጇ ይዛ በሩ ጋ መጣችና «እትዬ፣ ያሳልፉኝ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እትዬ እታገኝም ዘወር አሉላት። ከዚያ ሁለተኛ ጋቢ አምጥተው ከራሷ በላይ ዘርግተው፣ ማርያም ማርያም እያሉ፣ ፀሐይ ሳይነካት አዴ ዘይነባ ቤት አደረሷት። ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ እሳቸው ግን ሲደርሱ በላብ ተጠምቀው ነበር።

የእኩለ ቀኑ የዙህር አዛን ሲሰማ ኦቦ ጣሂር ጫማቸውን አውልቀው ወጡ። የከተማው ሰው ዛፍ የሚያውቀው ከሥር ነው፤ እሳቸው ከላይ ጀመሩት። ቅርንጫፉን በገመድ ያስሩታል፣ በመጋዝ ይቆርጡታል፤ ከታች ያለው ሰው ገመዱን ይዞ ቀስ እያለ ያወርደዋል። ማንም አልተጠራም፤ ሰፈሩ ግን ድምፅ ሰምቶ መጣ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ገመድ ላይ ተሰለፈ፣ አባቴ ከነከረባቱ ፊት ቆሟል። ወደ ጣሪያው ያዘነበለው ግንድ ሲቀር መጋዙ ግማሽ ሳይደርስ ዛፉ ራሱ ተተረተረ። ገመዱ ተወጠረ፤ ሰዎቹ በተረከዛቸው መሬቱን እያረሱ ተጎተቱ፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ግንዱ ጎመናችን ላይ ተጋድሟል፤ ከቤቱ የተነካው አንድ የቆርቆሮ ጫፍ ብቻ ነው። የከሰዓት በኋላው የአሱር አዛን ሲጀመር የኦቦ ጣሂር እግር መሬት ረገጠ። በሁለት ሶላት መካከል አለቀ።

አባቴ ወደ ውስጥ የበሰበሰውን ግንድ እያየ «እንዴት ይህን ሳናየው ቀረን?» አለ። ኦቦ ጣሂር «ከታች ለቆመ ሰው አይታይም» አሉት። ጥፍራቸው ውስጥ ጭቃዬ አለ። ወደ እኔ ዞር ብለውም አላዩ።

እናቴ ጋ ሄጄ የነገርኳት እኔው ነኝ። አዴ ዘይነባ አልጋ ላይ ወንድሜን እያጠባች ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝ። ዱላ ጠብቄ ነበር፤ ዱላ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ብርድ ልብሱን ገልጣ ከጎኗ አስገባችኝና «ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻሽን ስትፈሪ ከረምሽ?» አለችኝ። ያን ቀን ካለቀስኩት ሁሉ የበለጠ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እትዬ እታገኝ ከወንበራቸው ላይ ሆነው «እኔ ደግሞ ኮሶውን በከንቱ አጠጣኋት» ብለው አዘኑ።

ይህ ከሆነ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። አሁን የምኖረው ሮቤ ነው። ግቢዬ ውስጥ አንድ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ከዓመት ወዲህ ወደ አጥሩ ማዘንበሉን አይቻለሁ፣ ወደ እኔ ቤት ስላልሆነ ግን እንቅልፍ አልነሣኝም። ባለፈው ወር ቅጠሉ አሸንዳዬን ቢደፍንብኝ ነው ያስቆረጥኩት። አንድ ወጣት በስልክ ተጠርቶ የሞተር መጋዝ ይዞ በባጃጅ መጣ። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ገመድ የያዘለት ረዳቱ ብቻ ነው፤ ያን ሁሉ ጩኸት ሰምቶ ከቤቱ የወጣ ሰው አልነበረም፣ እኔም ማንንም አልጠበቅሁም። ግንዱን ቆራርጠው ከመሩልኝ፤ የብረት በሩን ዘጋሁ። እንዴት ፈጣን ነው ብዬ ተደነቅሁ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ከአጥሩ ወዲያ ያለች ጎረቤቴ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ከደቡብ ከባሏ ጋር መጥታ መንገዱ ላይ ሱቅ የከፈተች ልጅ ነች፤ ስንገናኝ አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን እናልፋለን። ጨቅላ አዝላለች።

«አላህ ይስጥልኝ እትዬ» አለችኝ። «ዛፉን ስላስወረዱልን።»

«ያስቸግራችሁ ነበር እንዴ?»

«እኛ ጣሪያ ላይ ነበር እኮ የተንጋደደው። ነፋስ ሲመጣ ልጆቼን ሰብስቤ ሱቁ ውስጥ ካርቶን ላይ አስተኛቸዋለሁ። ክረምቱን እንዲህ ነው ያሳለፍነው።»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

ፈገግ ብላ መሬት መሬት አየች። «አላውቅዎትም እኮ። ሰው ሳያውቁ እንዴት ዛፍዎን ቁረጡ ይባላል?»

አፈርኩ። ሞተር መጋዙ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅበትም እኔ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ይህች ልጅ ደግሞ በዚያ ሁሉ ነፋስ ብቻዋን ስትፈራ ከርማለች፤ መካከላችን አንድ አጥር ብቻ ነበር። በእኔ ልጅነት አንድ ልጅ አልቅሶ አጥር ሾልኮ ቢገባ የሚሰማው ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያገኝ ነበር። የዛሬው አጥሬ ብሎኬት ነው።

ይቅርታ ጠየቅኋት፣ እሷም ምንም አይደለም አለች። ግቢ አልኳት፤ ሱቁን ትታ እንደመጣች ነገረችኝ። ልትሄድ ስትዞር ነው ስሟን እንኳ እንደማላውቅ ትዝ ያለኝ። በሩን ይዤ ጠየቅኋት።