ከ«ጨርሰናል» በኋላ ያሉት አሥር ሰከንዶች

የሰፈሩ ሰው «ጨርሰናል» እያለ ነው የሚጠራው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርግና ምረቃ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። በየቀረጻው መጨረሻ «ጨርሰናል» ይልና ካሜራውን ሳያጠፋ በልቡ እስከ አሥር ይቆጥራል። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንዲት ሙሽራ መጥታ «አባቴ አቅፎኝ ያለቀሰበት የታል?» አለችው። አልነበረም፤ ቸኩሎ አጥፍቶት ኖሯል። አባቷ ደግሞ በዓመቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ማንም ቢስቅበት አሥሯን ሳይቆጥር አያጠፋም። ለደንበኛ ሲያስረክብ ትርፏን ቆርጦ ያወጣታል፤ አይጥላትም ግን። በዲስክ ገልብጦ ቁም ሣጥኑ ሥር ባለ የጫማ ካርቶን ያጠራቅማታል፣ ማንም አያያትም ብሎ።

ልጁ ፊልምና ሚዲያ ልማር ስትለው በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሁለት ኮሌጅ አዩ። አንደኛው ባለ መስታወት በር፣ ካሜራው እንደ ሕፃን በጋሪ የሚገፋበት ነው። ሌላው ከሴራሚክ መሸጫ በላይ ያለ፣ ሁለት ክፍልና ስምንት ኮምፒውተር ይዞ የፊልም ቅንብር ብቻ የሚያስተምር።

«እዚያማ ደረጃውን ወጥተሽ ሳትጨርሺ ትመረቂያለሽ» ብሎ ቀለደባት።

ልጅቷ ዝም አለች፤ ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው። እሱ ካሜራን የተማረው እየተሰደበ ነው፤ እሷ በወግ በማዕረግ እንድትይዝለት ፈለገ። ስለዚህ ለትልቁ ኮሌጅ የካሜራ ክፍል አመለከተች። መግቢያው አመልካቹ ራሱ የቀረጸው የአምስት ደቂቃ ፊልም ነው።

ውጤት በሚነገርበት ቀን ሸሚዙን ተኩሶ አብሯት ሄደ። ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለችው አስተማሪ «አንደኛ የወጣውን እንይ» አለችና መብራት ጠፋ።

አንዲት ሙሽራ ጫማዋን አውልቃ ጣቶቿን ታሻለች። ሚዜው ፈገግታውን እንደ ኮት ያወልቃል። የተመራቂ እናት የልጇን ቆብ ደፍታ መስታወት ትፈልጋለች። «እነዚህን ሰዎች የት ነው የማውቃቸው?» ሲል ከስክሪኑ ውስጥ የራሱ ድምፅ «ጨርሰናል» አለ። ቀጥሎ ከሌላ ሠርግ ደግሞ «ጨርሰናል»። አዳራሹ ሲስቅ እሱ ክው ብሎ ቀረ።

በዚህ ቢበቃ ደግ ነበር። መጨረሻ ላይ ካሜራው ሳይጠፋ ጠረጴዛ ላይ ተረስቷል። አንድ ሽበታም ሰው መሬት ላይ ዘርፈጥ ብሎ ዳቦ ይገምጣል፤ እየገመጠ ዐይኑ ይከደናል። «ይሄ ምስኪን ደግሞ ማነው?» ብሎ አሰበ። የሰውየውን ሸሚዝ አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የለበሰውን አየ። ስንቱን ሲቀርጽ የኖረ ሰው ራሱን አይቶ አያውቅም ነበር።

ጽሑፍ መጣ። «ቀረጻ» ከሚለው ቀጥሎ የልጁ ስም።

«ተነሺ እስቲ» አለች አስተማሪዋ። «ሰዎቹን እንዴት እንዲህ ጠብቀሽ ያዝሻቸው?»

ልጅቷ ተነሥታ አባቷን አየች። ዝም ቢል ትገባለች፤ ይህን ያውቃል።

«እኔ አልቀረጽኩትም» አለች ልጅቷ። «አባቴ ነው፣ ይኸው። እኔ ቆርጦ ካስቀመጠው መርጬ አቀናበርኩት እንጂ።»

አስተማሪዋ እርሳሱን ከፀጉሯ መዘዘች። «እንግዲያው የካሜራውን ቦታ ልሰጥሽ አልችልም።» ወረቀቷ ላይ ሰረዘች። ከዚያ ቀና ብላ «ያቀናበርሽው በእርግጥ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ የቅንብር ሰው ነሽ። ያንን እኛ ጋ አናስተምርም።»

አውቶቡስ ፌርማታ ሲደርሱ ወደ እሷ ዞረ።

«ለምን ዋሸሽ?»

«ካሜራ ያዢልኝ ስትለኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። እኔ ካርቶኑን ነው የምወደው አባዬ።»

«ካርቶኑን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታዪው?»

«ከሰባተኛ ክፍል።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«እሷ ናት ያሳየችኝ።»

«በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ ኖሬያለሁ በይኛ።» ሸሚዙን አየና «ያ ሰውዬ… እንደዚያ ነው እንዴ የምደክመው?»

«ሁልጊዜ።»

የመጣውን አውቶቡስ አሳለፈና በተቃራኒ አቅጣጫ በሚሄደው ተሳፈሩ። የሴራሚክ ቤቱን ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ ቆሞ የተነፈሰው እሱ ነው። መዝጋቢው የወላጅ ፊርማ ጠየቀ። ፈረመና ልማድ ሆኖበት «ጨርሰናል» አለ።

መዝጋቢው ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ግን ወረቀቱን ቀድማ አንሥታ በሁለት እጇ ይዛ አልሰጠችውም፤ የአባቷን ፊት ታያለች። ምን እያደረገች እንደሆነ ገባው። መቀረጽ ያልለመደ ሰው ነውና እጁን የት እንደሚያደርግ ግራ ገባው፤ አሥሯ እስክትሞላ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።