የጥይቷ ማረፊያ

እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ሰርግ ባለ ቁጥር ተኩስ ይሰማል፣ ትንሽ ቆይቶም ነፋሱ የባሩድ ሽታ ይዞ በመስኮቴ ይገባል፣ እኔም የያዝኩትን ሥራ ትቼ ባለሁበት እቆማለሁ። ያ ሽታ ድሮ የአባየ ጋቢ ሽታ ነበር። ከሐርቡ ከተማ ወጣ ብሎ በነበረው ቤታችን አባየ ከአደን ተመልሶ ጋቢውን ምሰሶው ላይ ሲሰቅለው፣ እኔና እህቴ ፋጡማ እየተሻማን ፊታችንን እንቀብርበት ነበር። ዛሬ ያው ሽታ ሲመጣ መስኮቱን እዘጋለሁ።

አባየ እንድሪስ አዳኝ ነበር፤ አዳኝ ስላችሁ ግን ጠመንጃ አንግቶ ገበያ ለገበያ የሚንጎራደድ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክረምት ሲገባ «አሁን አውሬውም ልጅ ያሳድጋል» ብሎ ምንሽሩን በዘይት ወልውሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ያስቀምጠው ነበር፣ እስከ መስከረምም ማንም አይነካውም። ዝናቡ አባርቶ ማሽላው ሲያፈራ ያወርደውና ማማ ላይ ወጥቶ ከርከሮ ይጠብቅ ነበር። እኛ ከርከሮ አንበላም፣ እሱ ግን እኛን ይበላናል፤ አንዴ ከተዘናጉለት የዓመት ቀለብ ገለባብጦት ይሄዳል።

በጋ ላይ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግዶ ወደ ጋራው ይወጣና ሚዳቋ ያድን ነበር። «ቢስሚላሂ» ሳይል አይተኩስም፣ ከተኮሰም በኋላ ቢላውን መዞ ነፍሷ ሳትወጣ ሊያርዳት እየወደቀ እየተነሳ ይሮጣል፣ ሞታ ከጠበቀችው ሰዎች «ቢስሚላህ ብለህ የለ እንዴ!» ቢሉትም ሆዱ አይቀበለውም፣ ለአሞራ ትቷት ባዶ እጁን ይመጣና ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ይውላል። እማየ «አዳኝ አግብታ ሥጋ ያማራት እኔ ብቻ ነኝ!» እያለች ትስቅበት ነበር።

የእማየ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ሰይድ፣ የደሴ ነጋዴ ነበር፤ ሽቶ የሚቀባ፣ ገና ከሩቅ ሳቁ የሚሰማ ሰው። ክላሽ ነበረው፣ አቤት ክላሹ! ማንገቻው በቀይና በቢጫ ክር የተጠለፈ፣ እንደ ሙሽራ የሚታቀፍ። እኛ ዘንድ ሲመጣ አጥሩ ላይ ባዶ ጣሳ ደርድሮ ይተኩስና፣ ከተበሳሱት ጣሳዎች ጋር ፎቶ ይነሳ ነበር። አባየ ጣሳዎቹን ከመሬት እየለቀመ «አሁን ይሄ ጣሳ ምን አጠፋ?» ይለዋል። ሰይድም የአባየን ምንሽር አንስቶ «ጋሽ እንድሪስ፣ ይሄንስ በሽምግልናዎ ይመረኮዙታል» እያለ ይቀልድበታል። ተጣልተው አያውቁም፣ ግን ተግባብተውም አያውቁም፤ አባየ ጠመንጃን የሚያየው እንደ ማጭድ ነበር፣ ሰይድ ደግሞ እንደ ወርቅ ቀለበት።

በጥር የፋጡማ ሰርግ ሆነ። የሙሽራው ወገኖች ከኮምቦልቻ በመኪና መጡ፣ ብዙዎቹም ክላሽ አንግተዋል። ዳሱ ደጃፍ ላይ ከሰይድ ጋር ሆነው ወደ ሰማይ ይተኩሱ ጀመር፣ ሴቱ እልልታውን ያቀልጠዋል፣ ቀለሃው እንደ ቆሎ ይረግፋል። አባየ ምንሽሩን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ቆሟል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ያስጩኹት እንጂ! ልጅ እየዳሩ እኮ ነው!» አለው ሰይድ።

«የምታርፍበትን ሳላይ አልተኩስም» አለ አባየ።

ወንዶቹ ሳቁ። ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ «አባትየው ጋብቻውን አልወደዱትም መሰለኝ» አሉ፣ ሁላችንም ሰማናቸው፣ ፋጡማም በመሸፈኛዋ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች። እማየ ሮጣ መጥታ የአባየን ክንድ ያዘችው። «በአላህ ይሁንብዎ፣ አንዲት ብቻ! ልጄን በሰው ቤት አያስንቁብኝ!»

አባየ ፋጡማን አያት። ከዚያ አፈሙዙን ቀና አድርጎ ተኮሰ። አጠገቡ ነበርኩ፣ ቢስሚላሂ አላለም።

ሙሽራዋ ከቤት ሳትወጣ ከወንዙ ማዶ ጩኸት ተሰማ። ጓደኛዬ ዘሃራ ወባ ይዟት፣ እናቷ ከቤት አትርቂ ብላት፣ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብላ የሰርጉን ጭፈራ ከሩቅ ስታይ ከሰማይ የወረደች ጥይት አናቷን መታቻት። ያ አላህ! ዋዜማውን አብረን የተቀባነው ሂና ገና እጇ ላይ ቀይ ነበር። አለቀስኩ፣ አሁንም ይኸው እየጻፍኩት አለቅሳለሁ።

ከቀብሩ በኋላ የአገሩ አስታራቂዎች፣ አበጋሮቹ፣ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ጥይቷ የማን እንደሆነች ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ የተኮሰ ሁሉ ቁርአን ላይ እጁን ጭኖ «የእኔ አይደለችም» ብሎ እንዲምል፣ መማል ያልቻለ ግን ደሟን እንዲወስድ ተባለ። ሰይድ ማለ። የኮምቦልቻዎቹም ተራ በተራ ማሉ፣ አንድም የተንተባተበ አልነበረም። አባየ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«የት እንዳረፈች አላየሁም፣ እንዴት ብዬ ልማል?»

«እንግዲያ ደሟ በአንተ ላይ መሆኑ ነው እኮ፣ እንድሪስ» አሉት ትልቁ አበጋር ቀስ ብለው፣ እንዲያስብበት ጊዜ ሊሰጡት ፈልገው። ሰይድ ከኋላው ሆኖ «ምን ነካዎት፣ ይማሉና ይገላገሉ!» ይለዋል። አባየ አልማለም። ምንሽሩን እግራቸው ሥር አጋድሞ ወደ ቤት መጣ።

ደም ያለበት ሰው ከሟች ቤተሰብ ጋር ከአንድ ወንዝ አይቀዳም፣ ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ እቃችንን ጭነን ወደ ደሴ ወጣን። የዘሃራን እናት እንኳ ቀርቤ ሳላለቅስላት ነው የሄድኩት። መሬቱን የተረከበው ዘመዳችን በጥቅምት መጥቶ ማሽላውን ከርከሮ እንደጨረሰው፣ ማማውም እንደፈረሰ ነገረን፣ አባየም «አብሽር፣ አይዞህ» ብቻ ብሎት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሰይድ አሁን አርጅቷል፣ ልጆቹ ግን በርትተዋል፤ ክላሽ ታቅፈው የተነሱትን ፎቶ በስልክ ይላላካሉ፣ ሰርግ በተባለበት ሁሉ ሰማዩን ይበሱታል፣ ማንም የት አረፈች ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ያኔ ቢያንስ አንድ የሚጠይቅ ሰው ነበረን፣ እሱንም እኛው አስተኮስነው።

አባየ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፣ ዓይኑም ደክሟል። ተኩስ ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ይነሳና ወደ ጣሪያው አንጋጦ ይጠብቃል።

«አረፈች?» ይለኛል።

«አርፋለች አባየ፣ ቁጭ በል።»

«አየሻት?»

እኔም የእሱ ልጅ ነኝና፣ አየሁ ብዬ መማል አልችልም።