ሳይሰጥ «ተሰጠ» ያልኩት የባሕር ሞገድ ድጋፍ

ቀኑን በትክክል አላስታውስም፤ ወሩም ይምታታብኛል። ብርድ እንደ ነበር፣ ያለ ማስክ ታክሲ እንደማይገባ፣ እኛም የእሑድ ጸሎታችንን በስልክ እናደርግ እንደ ነበር ግን አውቃለሁ። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ርብቃ የወጣውን የተሳሳተ ወሬ ብዙዎቻችሁ አንብባችኋል። ወሬው የወጣው ከእኔ አፍ ነው። እሱን ለማቅናት ወደ ከተማ የሄድኩበትን መንገድ እንደ ሆነው እጽፋለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነውና ፊደል ብስት እለፉኝ።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቮስሎሩስ፣ ጆበርግ ዳር

መብራት የለም። ሎድ ሸዲንግ ነው፤ በየተራ ያጠፉብናል። በባትሪ ብርሃን ዳቦውን ተረክቤ ሱቁን መልሼ ቆለፍኩት። ሱቄም መኖሪያዬም በአንዲት የሠፈሩ አሮጊት ግቢ ውስጥ ያለ ጋራዥ ነው። አሮጊቷን ሁላችንም ጎጎ እንላቸዋለን፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። እሳቸውም እኔን ምኩሉ ይሉኛል፤ ሽማግሌው እንደ ማለት ነው።

«ሃዉ! ምኩሉ!» አሉ በመስኮት። «በሥራ ቀን ሱቅ ዘግተህ ወዴት ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«የሞትኩት እኔ ነኝ ጎጎ።»

ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሏል። እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ለእናንተም ልንገራችሁ።

ርብቃ የሟች ወንድሜ ልጅ ናት። እዚሁ አድጋ ምሕንድስና ተምራለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከባሕር ሞገድ መብራት የሚያወጣ መሣሪያ ሠርታለች። የመጀመሪያውን የሠራችው ከእኔ ሱቅ በወሰደችው የሃያ ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ ይንሳፈፋል፤ ሞገድ ሲያነሣው ከሥሩ ያለውን ገመድ ይስባል፤ ገመዱ ሞተሩን ያዞራል። የገባኝ ይህን ያህል ነው። የአሁኑ ትልቅ ነው፣ ብረት ነው፣ ነገር ግን ባሕር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ባሕር ደግሞ ብረት ይበላል። ሠርቶ ያልታየ ነገር ላይ ነጋዴ ገንዘቡን አያወጣም። ስለዚህ መንግሥት፣ በሞገድና በባሕሩ መሙላትና መጉደል ኃይል ለማውጣት ለሚጥሩ ጀማሪዎች፣ የሙከራውን ወጪ እደግፋለሁ አለ። ርብቃ አመለከተች። መልሱ ገና ነበር።

እኛ ጸሎት ቤት የለመድነው ነገር አለ። የለመንከውን ሳታገኝ እንዳገኘህ ቆመህ ታመሰግናለህ። በሽተኛው ሳይድን «ድኛለሁ» ይላል። ይህን የሚሰማ ሁሉ እልል ይላል እንጂ ማስረጃ አይጠይቅም። እኔም አንድ እሑድ በስልክ ጸሎቱ የምስክርነት ተራ ደረሰኝና፣ «መንግሥት ለልጃችን ለርብቃ ድጋፉን ሰጥቷል፤ ተቀብለናል!» አልኩ። እልልታው ስልኬን ሊሰነጥቀው ምንም አልቀረው። ከሰሙት አንዱ ከነፎቶዋ እዚህ ገጽ ላይ አወጣው። ሌላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ድጋፉን የሚሰጠው ቢሮ ዘንድ ደረሰ።

ቢሮው ለርብቃ ጻፈላት። ገና ያልወሰንነውን ማን ነገራችሁ? ከውስጣችን ቃል የገባላችሁ ማን ነው? ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ቀርባችሁ ካላስረዳችሁ ማመልከቻው ይሰረዛል። ይህን የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት። ርብቃ ስልኬን ማንሣት ካቆመች ሦስት ቀኗ ነው።

ጎጎ አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «በዚያ እንግሊዝኛህ ነው የምታስረዳው? ‹ዳቦ፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ› ብለህ?» አሉኝ። «ቆይ፣ ኮፍያዬን ላምጣ።»

አንድ ሰዓት ግድም፣ ጀርሚስተን

ታክሲው መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። ሹፌሩ እጃችን ላይ አልኮል ይረጫል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሒሳብ ከኋላ ወደ ፊት በእጅ በእጅ ይሄዳል። ጎጎ የእኔን ጉድ ለታክሲው በሙሉ በዙሉ አወሩት። የኋላ መቀመጫ ላይ ያሉት ሳይቀሩ ዘወር ብለው አዩኝ።

ሹፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ ሳቀ። «ባሕር? ጆበርግ ውስጥ? እኔ ሃያ ዓመት ስነዳ አላገኘሁትም!»

«የሚተከለው ደርባን ነው» አልኩ በቀስታ።

አንዲት ሴትዮ ደግሞ፣ «ፀሐይ አለ አይደል እንዴ? ፀሐይ ርካሽ ነው» አሉ።

ርብቃ ያስረዳችኝን መለስኩላቸው። ፀሐይ የምትገባው ሁሉም ሰው ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት ነው። ባሕር ግን አይተኛም።

«አየህ፣ እውነቱን ብቻ ስትናገር ያምርብሃል» አሉ ጎጎ።

ጀርሚስተን ወርደን ሁለተኛውን ታክሲ ስንፈልግ፣ ብርድ ልብስና ጫማ ከሚሸጡት ያገራችን ልጆች አንዱ ከሩቅ አየኝ። «ጋሼ! እንኳን ደስ አለዎት! የባሕሩ ድጋፍ ተገኘ አሉ!» ሌሎቹም አጨበጨቡ።

እዚያ ቆሜ «አልተገኘም ልጆቼ፤ ያልሆነ ነገር ነው ያወራሁት» ማለት ነበረብኝ። መንገድ የወጣሁትም ለዚሁ ነው። እኔ ግን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «አሜን» አልኩና አለፍኩ።

«ምን አሉህ?» አሉ ጎጎ።

«ሰላምታ ነው።»

አዩኝ እንጂ አልጠየቁኝም። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴን ይሞቀኛል።

ሦስት ሰዓት አለፍ ሲል፣ ሂልብሮው

ርብቃ ከሌሎች ሴቶች ጋር ክፍል ተጋርታ የምትኖርበት ፎቅ ረጅም ነው። መብራት ስለሌለ ሊፍቱ ቆሟል። ስምንተኛው ፎቅ ድረስ በየደረጃው ዕረፍት እያደረግን ወጣን። አራተኛው ላይ ጎጎ ግድግዳ ተደግፈው፣ «ምኩሉ፣ ልጅቷ ለዚህ ሊፍትም መሣሪያ ትሥራ» አሉ።

በሩን ራሷ ከፈተችው። ዓይኗ አብጧል። አንገቴን ደፋሁ።

«አባባ፣ ለምን መጡ?» አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ «አንተ» የምትለኝ ልጅ ናት። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ያሳደግኳት ልጅ ያን ቀን «እርስዎ» ስትለኝ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ልናገር።»

«የስንት ዓመት ሥራዬ ነው፣ ዩ ኖው? ከውስጥ ሰው ያላቸው ነው የሚሉን አሁን። እንደ ሌባ!»  ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ወረቀቶቿን አነሣች። «እሺ፣ ይምጡ። ግን ቀላል ያድርጉት። ፕሬየር ነው፣ ልማዳችን ነው ይበሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ፣ ፕሊስ።»

«እሺ» አልኳት።

አራት ሰዓት፣ ቢሮው

ከሂልብሮው በእግር ቁልቁል ሄድን። ጥበቃው በየተራ ግንባራችን ላይ የሙቀት መለኪያውን ደቀነ። ያስገቡን ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ኃላፊ ከመስተዋት ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ወንዶች ደግሞ ከየቤታቸው በኮምፒውተር ይታያሉ። ጎጎ ኮፍያቸውን አስተካክለው ከጎኔ ተቀመጡ። ርብቃ ባለጉዳይ ስለሆነች ማስተርጎም አትችልም፤ እኔ በተሰባበረው ዙሉዬ ለጎጎ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው በእንግሊዝኛ ያቀኑታል።

«ሲናገሩ ድጋፉ እንዳልተሰጠ ያውቁ ነበር?» አሉ ሴትዮዋ።

«አውቅ ነበር።»

ልማዳችንን አስረዳሁ። ጎጎም ከራሳቸው ጨምረው፣ «እኛም ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ ነው፤ ዝናብ ሳይመጣ ስለ ዝናቡ እንዘምራለን» አሉ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ርብቃ ትንፋሿን ለቀቀች። ያለቀ መሰለኝ።

ከኮምፒውተሩ አንደኛው ግን እጁን አነሣ። «ይቅርታ አባት። ማመልከቻው ከገባ ብዙ ወር ሆኖታል። እስከዛሬ አልመሰከሩም። እኛ ልንወስን ስንቀርብ፣ ልክ በዚያው ሳምንት መሰከሩ። ለምን በዚያ ቀን? ማንም አልደወለልዎትም?»

 «መንፈስ አነሣሣኝ» ብል ማንም አያምነኝም፤ ልጅቷም ከነጥርጣሬው ትወጣለች። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ለርብቃ እንኳ አልነገርኳትም።

«ከዚያ እሑድ በፊት» አልኩ፣ «አንድ የኛ ሽማግሌ በስልኩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹የወንድምህ ልጅ ባሕር በሌለበት ከተማ በሳፋ ውኃ መብራት ታወጣለች አሉ› ብሎ ሳቀብኝ። ሁሉም ሳቀ። ሳምንቱን ሙሉ አንገበገበኝ። የመሰከርኩት አምኜ አይደለም። አፉን ላስይዘው ብዬ ነው። የእግዚአብሔርን ስም ለእልሄ መወጫ አደረግሁት። የደወለልኝ ሰው የለም።»

ጎጎ ወዲያው አልተረጎሙም። ወደ እኔ ዞረው በቀስታ፣ «ሙሉውን ልንገራቸው?» አሉ።

«ሙሉውን።»

ነገሯቸው። ላቤ በማስኬ ውስጥ ይወርዳል። ርብቃ መሬት መሬቱን ታያለች። የኮምፒውተሩ ሰውዬ ድምፁን አጥፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይስቃል መሰለኝ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። «ይህ ያሳምናል» አሉ። ቃሌን ጻፉ፤ ስሜን ፈረምኩ፤ ጎጎም አስተርጓሚ ብለው ፈረሙ። ስለ ሳፋው ያቺ አረፍተ ነገር ጭምር ተጽፋለች።

ወጥተን እንድንጠብቅ ተነገረን። አንድ ሰዓት ያህል ኮሪደር ላይ ተራርቀን ተቀመጥን። ከዚያ ሴትዮዋ ራሳቸው መጡ፤ ከውስጥ የወጣ ነገር የለም፣ ማመልከቻው ከሌሎቹ ጋር ይታያል አሉ።

 በር ላይ ስንለያይ ርብቃ ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ማስክህ ወርዷል» አለችኝና ራሷ አፍንጫዬ ላይ አወጣችልኝ።

ድጋፉ በኋላ ተሰጠ፣ አልተሰጠም የምትሉኝ ካላችሁ ርብቃን ጠይቁ። እኔ ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም።

ዘጠኝ ሰዓት፣ መልስ

ጀርሚስተን ላይ ታክሲ ከመቀየራችን በፊት፣ «ጎጎ፣ ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ። ሰላምታ ያልኩት ምን እንደነበር ነገርኳቸው።

«አውቄያለሁ። ለሰላምታ ሰው አያጨበጭብም» አሉ። «ሂድ፣ እጠብቅሃለሁ።»

ሄድኩ። ልጆቹን ሰብስቤ አልተሰጠም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። አንዱ ሳቀ፤ አንዱ ዓይኑን ወደ ብርድ ልብሱ መለሰ። ጠዋት ያጨበጨበው፣ «ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን» አለኝ። ይኸኛው ከሁሉ ባሰብኝ።

ስመለስ ጎጎ የታክሲው ሰልፍ ላይ ቦታ ይዘውልኛል፤ ሁለት ትኩስ ድንችም ገዝተዋል። ታክሲው ውስጥ ስንቀመጥ ቢሮው የሰጠንን የቃሌን ግልባጭ ዘረጋሁ። የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሕፈት አላነብም። ከእኔ ፊርማ ሥር ያለውን በጣቴ አሳየኋቸው።

«ይህ ምን ይላል?»

«ስሜ ነዋ።»

«ማን ይላል?»

ማኘካቸውን አቆሙ። «ዘጠኝ ዓመት ግቢዬ ውስጥ ኖረህ ስሜን አታውቅም?»

አላውቅም ነበር። ጠይቄ አላውቅም። ሰው ቢጠይቀኝ «አከራዬ ናቸው» እል ነበር። እሳቸው ግን ሳቃቸው መጣ፣ እስኪያስላቸው ድረስ። ከፊት ያሉት ተሳፋሪዎች ኮሮና ነው ብለው ደንግጠው ዞሩ።

«ጻፈው እንዳትረሳው» አሉኝ። ጻፍኩት። በዚያ ቀን እጄን ይዘው ያወጡኝ ሴት ስማቸው ኖምቩላ ነው።