ሙቢና ያስጠጋችው ዳኛ

ሙቢና ጎረቤቴ ናት። ከጎጃም ተመድቤ ሁሩታ ስመጣ መጀመሪያ የተከራከርኩት ከእሷ ጋር ነው፤ ክርክሩን እስካሁን አልጨረስነውም። ቅዳሜ ቅዳሜ አሰላ እየሄደች በጎ ፈቃደኞችን የጦርነት ሕግ ታስተምራለች። ከጄኔቫው ስምምነት ትጀምርና ወዲያው ወደ ሸሪዓው ትሻገራለች፤ ቁስለኛ አይነካም፣ ምርኮኛ አይራብም፣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ አይቆረጥም። ከሁሉ የምትወደው ግን አማንን፣ ማለትም የደኅንነት ዋስትናን ነው። አንዲት ተራ ሴት እንኳ ጠላትን «አማን ሰጥቼሃለሁ» ካለችው ሠራዊቱ በሙሉ ሊነካው አይችልም።

«ወረቀት ላይ ያምራል» እላታለሁ። የሥነ ዜጋ መምህር ስለሆንኩ ወረቀት ላይ የሚያምር ነገር አላጣም።

ባለፈው እሁድ የሰፈራችን ቡድን በመጨረሻው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። ዳኛው ነህምያ የሚባል ቀጭን የአሰላ ልጅ ነው። የማብቂያውን ፊሽካ ነፍቶ እግሬ አውጪኝ አለ፤ ሰዉም ድንጋይ እያነሳ ተከተለው። ሙቢና ቅጣት ምቱ እንደገባ ከሜዳው ወጥታ ገና መመለሷ ስለነበር በሯ ክፍት ነበር፤ ዘሎ ገባ። እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ ልጁ ዛሬ አለቀለት ብዬ ፈራሁ። ከሰዉ ቀድሞ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ የመጣው ደግሞ የቡድኑ አሰልጣኝ፣ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ቡሽራ ነው።

ሙቢና ሂጃቧን እያስተካከለች ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ዲሲ፣ ተወው ቡሽራ። አማን ሰጥቼዋለሁ።»

«ዞር በይ። ይሄ ኳስ ነው፣ ጦርነት አይደለም።»

«ታዲያ ድንጋዩ ምን ይሠራል?»

ቡሽራ ከኋላ የመስጊዱን ሼህ ቃሶን ሲያይ ፊቱ በራ። «ሼሁ፣ እርስዎ ይንገሯት። ለኳስ ዳኛ አማን አለ እንዴ?»

ሼሁም በሽንፈቱ አኩርፈው ነበር። ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደ ደጃፉ ቀረቡ።

«ስለ ኳስ አላውቅም» አሉ። «እህትህ ያስጠጋችውን ግን እኛም አስጠግተናል። ጣሉት ድንጋዩን።»

ድንጋዩ አንድ በአንድ መሬት ወደቀ። እፎይ አልኩ። ቡሽራ ግን አልለቀቀም።

«እሺ። ግን ይመን፤ ፍጹም ቅጣት ምት አልነበረም።»

«ነበረ» አለ ነህምያ ከውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ።

ሰዉ እንደገና ተንጫጫ። ሙቢና ወደ ውስጥ ዞረችበት።

«አልነበረም። እኔም አይቻለሁ» አለችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ተመለሰች። «ለዚህ እኮ ነው የሰጠሁት። ያላጠፋ ሰው አማን ምን ያደርግለታል?»

ቡሽራ ገብቶ ነህምያን አወጣውና በሰዉ መሀል እስከ አሰላው ሚኒባስ ሸኘው። መንገዱን ሙሉ ሲሰድበው ነበር፤ ማንም እንዳይነካው በክንዱ አቅፎት።